ፊት ነው የተቀመጥኩት

ጥር 20 ቀን 2017፣ ማክሰኞ፣ ደሴ

አልሃምዱሊላህ፣ ቤቴ ገባሁ። ይህን ደብተር ሱሀይላ ናት ለዑምራዬ የገዛችልኝ፤ «አባዬ፣ ያየኸውን ሁሉ ጻፍበት» ብላ። እዚያ ሳለሁ አንድ መስመር አልጻፍኩበትም። ካዕባ ፊት የቆመ ሰው እስክሪብቶ ትዝ አይለውም። አሁን ግን ልጽፍበት ነው፤ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ከአፌ አመለጠኝ፣ ለማንም ደግሞ ልነግረው አልችልም።

ነገሩ ከጉልበቴ ይጀምራል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ አለቃ ሳለሁ በራሴ ጥድፊያ ከደረጃ ወድቄ ብረት ገብቶበታል። ሐኪሙ ረጅም ሰዓት አጥፈህ አትቀመጥ ብሎኛል። ልጄ ሱሀይላ ፒያሳ የሴቶች ልብስ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ አላት፤ ከጎኗ ያለውን ክፍል ተከራይታ ልታሰፋው ስታጠራቅም ከረመች። ያንን ያጠራቀመችውን አውጥታ ነው እግሬን ዘርግቼ እንድሄድ የአውሮፕላኑን የፊት ክፍል ወንበር የገዛችልኝ። ውድ ነው። እንቢ አልኳት፤ አኮረፈች። እንቢ ማለቴን ተውኩት።

ታዲያ ከአዲስ አበባ የተሳፈርኩበት የውጭ አገር አየር መንገድ «አውሮፕላኑ በትንሽ ተቀይሯል፣ የፊቱ ወንበር ለሁሉም አልበቃም» ብሎ ኋላ ወሰደኝ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ በሁለት ደልዳላ ሰዎች መሃል። ስመለስም ያው። ለዑምራ የወጣ ሰው ስለ ወንበር ይጨቃጨቃል እንዴ ብዬ ዝም አልኩ። ጉልበቴ ግን ዝም አላለም።

ዛሬ ማታ ቤቱ እንኳን ደህና መጣህ ሊለኝ በመጣ ዘያሪ ሞልቶ ነበር። ከመካ ያመጣሁትን የዘምዘም ውሃ በትንንሽ ብርጭቆ እየቀዳሁ ሳድል ሱሀይላ ከሴቶቹ መሃል ብድግ አለችና «አባዬ፣ ወንበሩስ? ፊት መቀመጥ እንዴት ነው?» አለች። ፊቷን አየሁት። ያን ፊት አይቶ «ኋላ ነበርኩ» የሚል አባት ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

«ፊትማ ሌላ ነው» አልኩ። «ተኝቼ ሄጄ ተኝቼ መጣሁ።»

ዘምዘሙን በእጄ እንደያዝኩ። አስተግፊሩላህ።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ጉልበቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል። ሱሀይላ አየችው። «ካዕባን ስዞር፣ ከጠዋፉ ነው» አልኳት። ጠዋፍ ምን በወጣው።

ነገ ይበርድለታል።

ጥር 23፣ አርብ

ከጁምዓ ስንወጣ ሰው ከበበኝ። ስለ መዲና ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ ስለ ወንበሩ ጠየቁኝ። ሱሀይላ ለፒያሳ ሁሉ አውርታለች ለካ። አንዱ «ጋሽ ዳምጤ፣ እውነት አልጋ ይሆናል?» አለኝ። «አልጋ ብቻ? ቁልፏን ነካ ስታደርግ ራሱ ነው የሚያስተኛህ» አልኩት። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ሸክላ ስኒ፣ ለእግር የሚሆን ለስላሳ ነጠላ ጫማ፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ያየሁት እንግዲህ መጋረጃው ሲገለጥ ሲዘጋ በቀዳዳ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ሳወራው ራሴም እያመንኩት ሄድኩ። ትንሽ ደግሞ ጣፈጠኝ።

ማታ አግማስ መጣ። አግማስ የግንብ ጎረቤቴ ነው፤ እድሜውን ሙሉ አይሱዙ ሲነዳ ከኮምቦልቻ ሚሌ፣ ከሚሌ ኮምቦልቻ ሲመላለስ ያረጀ ሰው። ክርስቲያን ነው፤ ዘምዘሙን ግን ከማንም በላይ ተጎንጭቷል። እሱም ስለ ወንበሩ ጠየቀኝ።

«ሲተኛ የእጅ መደገፊያው የት ይገባል?»

«ከስር።»

«ከምን ስር?»

«ከስሩ ነዋ አግማስ፣ ከላዩ አይገባ።»

ጉልበቴን ትክ ብሎ አየ። ሹፌር ምን ቤት ነው ስለ እጅ መደገፊያ የሚመረምረው? ጥያቄ አበዛ። አልወደድኩለትም።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ሱሀይላ ዛሬ ከሱቅ እየሳቀች ገባች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «አባዬ፣ ሌባ ደወለልኝ» አለች።

አንዲት ልጅ ናት፣ ከአዲስ አበባ፣ ድምጿ ጨዋ የሆነ። ከአየር መንገዱ ነኝ ብላታለች። «አባትዎ ሲሄዱም ሲመለሱም የፊት ወንበር ተከፍሎላቸው ኋላ ነው የተቀመጡት፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። የዋጋው ልዩነትና በላዩ ላይ ካሳ ይገባችኋል» አለቻት።

«አንቺስ ምን አልሻት?» አልኩ።

«ምን እላታለሁ? እህቴ፣ አባቴ ፊት ነው የተቀመጠው፣ በአንደበቱ ነግሮናል፣ ከዑምራ የመጣ ሰው ደግሞ አይዋሽም አልኳትና ዘጋሁባት።»

ሳቀች። ስትስቅ እናቷን መርየምን ቁርጥ ናት፣ አላህ ይማራት። እኔም ሳቅኩ። እሷ ስታቆም እኔ ገና እየሳቅኩ ነበር።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ካሳ አለው ለካ። ከከፈልክበት ወንበር አንስተው ዝቅ ካደረጉህ ሀቅህ ነው፣ ይመልሱልሃል። ይህን ማን ያውቃል? እኔ እንኳንስ ልጠይቅ፣ ኋላም ቢሆን ወንበር ስላገኙልኝ ደስ ብሎኝ «አላህ ይስጣችሁ» ብያቸዋለሁ። መርቄያቸው ነው የመጣሁት።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ልጅቷ ደግማ ደወለች። ሱሀይላ ደግማ ዘጋችባት። ግን ልቧ አላረፈምና ትኬቱን ወደገዛችበት የፒያሳ ቢሮ ሄዳ ረሂማን ጠየቀቻት፤ ረሂማ ትኬት ቆራጭዋ ናት። ረሂማም «ሌባ አይደለችም፣ እውነተኛ የአየር መንገዱ ሰራተኛ ናት» አለቻት።

እፎይ አልኩ። አሁን ነገሩ በራሱ ይፈታል፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

የት ይፈታል። ሱሀይላ ይልቁን ባሰባት። ማታ እራት ስንበላ ጉርሻዋን አስቀምጣ፣ «አባዬ፣ ይሄ እኮ የባሰ ነው» አለች። «ሌባ ብትሆን ይሻል ነበር። ተሳስተዋል ማለት ነው። ኋላ የተቀመጠ ሌላ ሰው አለ፣ በስም ወይ በቁጥር ተምታቶባቸው የእሱን ሀቅ ለእኛ ሊሰጡን ነው።»

«ምናልባት...» አልኩ።

«ምናልባት የለውም። የሰው ሀቅ ቤታችን አይገባም። አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ? ትንሽ ልጅ ሆኜ በስህተት የተመለሰልኝን ሳንቲም ይዤ ብመጣ እስከ ሰኞ ገበያ በእግሬ አልመለስከኝም?»

መልሻታለሁ። እያለቀሰች ነው የሄደችው።

ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ያ ምስኪን፣ ከፍሎ ኋላ የተጣለው ሰውዬ፣ አላህ ሀቁን ያድርስለት» አለች።

«አሚን» አልኩ። ምን ልበል?

የጎኗ ክፍል ባለቤት ረመዳን እስኪገባ እጠብቅሻለሁ ብሏታል። ከዚያ ወዲያ ለሌላ ነው የሚያከራየው። ያን የነገረችኝ ሳህን ስታነሳ ነው፣ እንደ ቀላል ነገር። ካሳውና ልዩነቱ ቢመጣ ያ ክፍል የእሷ ነበር። እያወቅኩ ነው አፌን የዘጋሁት።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ሱሀይላ ሱቋን ዘግታ ለጉልበቴ ኮምቦልቻ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ እጁ ቀዝቃዛ። ጉልበቴን ሲነካካ ቆየና «ይሄ ረጅም ሰዓት ታጥፎ የቆየ ጉልበት ነው የሚመስለው» አለ። ማሻአላህ፣ ምን ዓይነት ሐኪም ነው።

ሱሀይላ ከአፉ ነጠቀችው። «አይደለም ዶክተር። ፊት ነው የተቀመጠው። ተኝቶ ነው የመጣው።»

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአጥንት ስዕል አየሁ።

«እንግዲያውስ ምክንያቱ ሌላ ነው ማለት ነው» አለ። «ተኝቶ የመጣ ሰው ጉልበት እንዲህ ካበጠ ዝም ብለን አናልፈውም። በመርፌ ፈሳሹን ቀድተን እንመረምራለን።» ለየካቲት ሃያ አንድ ቀጠረኝ። መርፌዋን አየኋት። መርፌ አይደለችም፣ የጆንያ ወስፌ ናት። ያኔ ልናገር ትንሽ ነበር የቀረኝ። ወላሂ ትንሽ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ሱሀይላ ረዳቱን ለምና እኔን ጋቢና አስቀመጠችኝ፣ ከሹፌሩ ጎን፣ እግሬን እንድዘረጋ። እሷ የመጨረሻው ወንበር ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጣብቃ ወጣች። ጠመዝማዛውን ሁሉ በመስታወት ሳያት ነበር። ባየችኝ ቁጥር ፈገግ ትላለች።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ዛሬ ልነግራት ነበር። ቆርጬ ተቀምጬ ስጠብቃት ለጉልበቴ ማሳረፊያ ትራስ ሰፍታ ይዛ መጣች። ለሽያጭ ከምታስቀምጠው ጨርቅ ነው የሰፋችው።

ነገ።

የካቲት 7፣ አርብ

ነገ አልኩ እንጂ ዛሬ አላልኩም።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ገበያ ስለነበር መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፤ በዚያ ግርግር ሱሀይላ ሳታየኝ በላይኛው በኩል ዞሬ ረሂማ ቢሮ ገባሁ። ሀሳቤ ቀላል ነበር። እኔው ራሴ ለዚያች ልጅ እውነቱን በስልክ እነግራታለሁ፣ ገንዘቡ ይመጣል፣ ሱሀይላ ክፍሉን ትከራያለች፣ ከየት መጣ ስትለኝ ደግሞ ያኔ የሚሆን ነገር አላህ ያመጣል።

ረሂማ ስልኩን አገናኘችኝ። ልጅቷ በእውነት ጨዋ ናት።

«አባት፣ እንኳን ደወሉልን» አለችኝ። «አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ወደ ኋላ የሄዱት በፈቃድዎ ነው ወይስ ሳይጠየቁ ነው?»

«በፈቃዴ ማለት?»

«ለሌላ ሰው በፈቃዱ ቦታውን የሚለቅ አለ፤ ከሠራተኛው ጋር የሚስማማው ነገር ይለያል። ሳይፈልግ የተነሳ ግን ካሳው ይገባዋል። ሠራተኛው ምን ብሎ ጠየቀዎ?»

«አውሮፕላኑ ውስጥ ያስተናገደኝ ልጅ ቦርሳዬን አንስቶ ኋላ እየመራኝ፣ አባት፣ ችግር የለም አይደል አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«ችግር የለም ልጄ አልኩት።»

ኮምፒውተሯ ላይ የጣቶቿን መታ መታ እሰማለሁ። ረሂማ ደግሞ ከጠረጴዛዋ ማዶ ወረቀት የምታገላብጥ መስላ አፏን ከፍታ ታዳምጠኛለች።

«እሱን አስረዳለሁ» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ዋናው ችግር ሌላ ነው። ገንዘቡ የሚመለሰው ለከፈለው ሰው ነው። የከፈለችው ልጅዎ ናት፣ እሷ ደግሞ ሁለቴ አልፈልግም ብላለች። እሷ ራሷ እሺ ካላለች የካቲት ሃያ አንድ ጉዳዩ ይዘጋል።»

ተሸሽጌ ልጨርሰው የመጣሁት ነገር ዞሮ እሷው እጅ ላይ ወደቀ። ረሂማን «አደራ» አልኳት። «ኧረ ጋሽ ዳምጤ፣ እኔ ምን አገባኝ» አለች። ያን ያለችበት አኳኋን አላማረኝም።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

አግማስን ግቢው ድረስ ሄድኩበት። ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር።

«አንድ የማውቀው ሰው አለ» አልኩት። «ጥሩ ወንበር ከፍሎ መጥፎ ወንበር ላይ ያስቀመጡት። ሲያስነሱት ችግር የለም ብሏል። ይህ ሰው ሀቅ አለው?»

አግማስ ስለ ወንበር ሲጠየቅ ቁጭ ብሎ አይመልስም፤ ተነሳ። «ስማ ዳምጤ። ጋቢና የሚሄድ ተሳፋሪ ጭነት ላይ ከሚወጣው አብልጦ ይከፍለኛል፣ አይደል? አንዳንዴ ባቲ ላይ የታመመ ሰው ይመጣል፣ ወይ እርጉዝ። ያኔ ጋቢና ያለውን አውርጄ ጭነት ላይ አወጣዋለሁ። ይቅርታ ወንድም ስለው ምን ይለኛል? ችግር የለም ሹፌር ይላል። ሁሉም ይላል። ምን እንዲል ትፈልጋለህ፣ በረሃ መሃል ይውረድ? ችግር የለም ማለት የሰው ጨዋነት ነው እንጂ ውል አይደለም። እኔ ብሩን መልሼ እጁ ላይ አስቀምጣለሁ። ሳይጠይቀኝ።»

«ካልተቀበለህስ?»

«ኪሱ እከተዋለሁ።» ተቀመጠ። «ያ ሰውዬ ጉልበቱ አበጠ ወይ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«የምታውቀው።»

ጉልበቴን በእጄ ሸፈንኩት። «ከታክሲ ስትወርድ እኮ አይቼሃለሁ» አለኝ። «ተኝቶ የመጣ ሰው እንደዚያ አይወርድም። እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ነጠላ ጫማ ታወራልኛለህ።»

ሳቀብኝ። እኔም በራሴ ሳቅኩ። በዚህ ወር ከልቤ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ልወጣ ስል እጄን ያዘኝ። «አንተ የራስህን ሀቅ ብትተው አላህህና አንተ ታውቃላችሁ። የእሷን ግን ማን ሰጠህና ነው የምትተወው?»

ቤቴ እስክገባ ድረስ ይህንኑ ለራሴ ስደጋግም ነበር።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

በሱቋ በኩል አለፍኩ። ረመዳን ስለደረሰ ገበያው ደርቷል። ሱቁ ከሦስት ሰው በላይ አይዝም፤ ደንበኛ ውጭ ቆሞ ይመርጣል፣ ሱሀይላ ቀሚሱን በበሩ ላይ ሰቅላ ከውስጥ በምልክት ታስረዳለች። ሁለት ሴቶች ቆመው ቆመው ሰልችቷቸው ሲሄዱ አየሁ። ከጎን ያለው ክፍል ባዶውን ተዘግቷል።

አየችኝና «አባዬ፣ በእግርህ ነው የመጣኸው?» ብላ ተቆጣችኝ። ባጃጅ ጠርታ ሂሳቡን ከፍላ አስገባችኝ። ሲሄድ ባለባጃጁን «ቀስ ብለህ፣ ጉልበቱን ታሟል» ስትለው ሰማሁ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? የዋሸሁት ለእሷ ብዬ ነው እያልኩ ስጽፍ ከረምኩ። ያን ሁሉ ነጠላ ጫማና ሸክላ ስኒ ለእሷ ብዬ ነው የጨመርኩት? ለጁምዓው ሰው ነው። ለዳምጤ ነው።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ነገ እነግራታለሁ። ወስፌዋ አርብ ናት። ጉዳዩም የሚዘጋው አርብ።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

አልነገርኳትም። ራሷን አሟት ነበር። ሰው ራሱን ሲያመው አይነገረውም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

እንቅልፍ ሳይወስደኝ ልጻፈው።

ረመዳን ሊገባ ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ለዱአ እኛ ቤት ተሰብስቦ ነበር። አግማስም ነበር፣ ከበሩ አጠገብ። ዱአው አልቆ ሻይና ቴምር ሲዞር እናት ቡዜ፣ የሰፈሩ ታላቅ፣ ሱሀይላን «ልጄ፣ ሱቅሽን አሰፋሁ ብለሽ አልነበረም፣ ምን ደረሰ?» አሏት።

ሱሀይላ ቴምሩን አስቀመጠች። «እናቴ፣ ገንዘቡ መጥቶልኝ ነበር፣ እኔ መለስኩት» አለች። ከዚያ ሁሉን ተረከችው። ልጅቷ እንደደወለች፣ እሷ እንደዘጋች፣ ነገሩ የሌላ ሰው ሀቅ እንደሆነ፣ ያ ሰው ከፍሎ ኋላ ተቀምጦ ሀቁ ጠፍቶበት የት እንዳለ እንደማታውቅ። «ሀራም ቤታችን እንዳይገባ ያስተማረኝ እሱ ነው» ብላ በእጇ አሳየችኝ። «ረሂማ እንዳለችኝ ነገ ጉዳዩ ይዘጋል፣ እኔም እገላገላለሁ።»

ቤቱ «ማሻአላህ» አለ። እናት ቡዜ ወደኔ ዞረው «እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገ አባት ጀነት አይነፈግም» አሉ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። አግማስ ብቻ አላየኝም፤ ጫማውን ያያል።

«ሱሀይላ» አልኩ፣ «ቁጭ በይ።»

«ምነው አባዬ?»

«ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።»

አልገባትም። ደገምኩላት። «ኋላ የተቀመጠው እኔ ነኝ። ስሄድም ስመለስም። ዘምዘም ይዤ ዋሽቼሻለሁ። አልጋውንም አልተኛሁበትም፣ ነጠላ ጫማውንም አላጠለቅኩትም፣ በመጋረጃ ቀዳዳ ነው ያየሁት። ልጅቷ ልክ ናት። ሀቁ ያንቺ ነው።»

አንድ ሰው ሻይ ሲያንቀው ሰማሁ። ከዚያ አግማስ ከበሩ ሆኖ «ተመስገን» አለ፣ ጎረቤቱም ሳቁ አመለጠው። እናት ቡዜ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ላቤ እየወረደ ልስቅ ዳዳኝ። ሱሀይላ ግን አልሳቀችም።

ስትቆጣ እርስዎ ትለኛለች። «ስንት ሰዓት ነው የተቀመጡት?» አለችኝ።

«ቀላል ነው እኮ ልጄ...»

«ስንት ሰዓት?»

«መሬት ላይ ቆመን የጠበቅነው ተጨምሮ ስሄድ አራት። ስመለስ አራት።»

«እግርዎን የት አደረጉት?»

ሳቁ ቆመ። መዋሸት በቃኝና እንደነበረው ነገርኳት። ከፊቴ ያለው ወንበር ስር አልገባ ሲለኝ በሁለት እጄ አጥፌ ይዤው እንደነበር፣ ሲብስብኝ መጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ እንደነበር፣ ተቀመጥ ሲሉኝ እንደተቀመጥኩ።

ተነሳችና ስልኳን ከመስኮቱ አነሳች። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ደወለች።

«ሀሎ። ሱሀይላ ዳምጤ ነኝ። አዎ፣ ሁለቴ የዘጋሁብሽ። አውፍ በይኝ እህቴ፣ አንቺ ልክ ነበርሽ። አባቴ ኋላ ነው የተቀመጠው።» ትንሽ አዳመጠች። «እቀበላለሁ። ሀቄ ነው፣ እወስዳለሁ፣ ነገ ጠዋት ረሂማ ቢሮ መጥቼ እፈርማለሁ። አሁን የደወልኩት ግን ለሱ አይደለም።» ጉልበቴን አየችው። «አንድ ነገር ንገሪኝ። ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ መሃል፣ ቆሞ ሲያዩት፣ አባት ምን ሆኑ ያለው አንድ ሰው እንኳ አልነበረም ወይ?»

ልጅቷ ምን እንደመለሰችላት አልሰማሁም። ሱሀይላ ስልኩን እንደያዘች ወደ ጓሮ ወጣች። ሰውም ቀስ በቀስ እየተሰናበተ ሄደ፣ እያንዳንዱ ትከሻዬን እየነካ። አግማስ መጨረሻ ወጣ። «ነገ ሐኪሙ ዘንድ እኔ እወስድሃለሁ፣ እውነቱን ካልነገርከው እኔው እነግረዋለሁ» ብሎኝ።

ብቻዬን ቀረሁ። ከቆየች በኋላ ዓይኗን ታጥባ ገባች። በርጩማውን ከጥግ ጎትታ ፊቴ አኖረችና ራሷ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ዘርጋ» አለችኝ።

ዘረጋሁ።